ዝናብ ያለበት ቅጂ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ እኔና ማይኬ ብቻ ነን። መዶሻ ከሰማችሁ ጎረቤቴ ቤቱን እያሳደሰ ነው፣ ታገሱኝ።

ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት። በቀደም የታሪክ መምህሯ ፕሮጀክት ሰጧቸው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወረቀቱን ሳላነበው ነው የደከመኝ። እኛ ቤት ፕሮጀክት ማለት ካርቶን መግዛት፣ ኮላ ፍለጋ መዞር፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ልጅቷ ተኝታ እኔ ስቀባ ማለት ነው። ይሄኛው ግን ካርቶን አይፈልግም። ቤት ያሉ ትልልቅ ሰዎች ተማሪ ሳሉ ባንዲራ ሲሰቀል የዘመሩትን ብሔራዊ መዝሙር አዘምራችሁ በስልክ ቅዱ ይላል። ከዚያ ሦስት ጥያቄ አለው። ማን ሠራው? ከመቼ እስከ መቼ ተዘመረ? ቀጥሎ በመጣው መዝሙር ውስጥ የጠፋው ቃል የቱ ነው?

ሦስተኛዋን ጥያቄ ሳነብ ቁጭ አልኩ።

እኛ ቤት እኮ ሦስቱም መዝሙሮች አሉ። እማዬ በንጉሡ ጊዜ ነው የተማረችው። እኔ አንደኛ ክፍል የገባሁት በደርግ ነው፤ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ መንግሥት ተለወጠ፣ ቀጥሎ አዲሱ መዝሙር መጣ። ልጄ የምታውቀው የአሁኑን ብቻ ነው።

በእማዬ ጀመርን። ሰማንያ ሊሞላት ብዙ አልቀራትም፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ተቀምጠሽ ዘምሪ ብንላት «ይሄ ተቀምጦ አይዘመርም» ብላ ከዘራዋን ይዛ ተነሳች። ልጄ ስልኩን ከፈተች። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ ዝናቡ ወረደ። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሰው ያውቀዋል፤ ራስህን እንኳ አትሰማም። እሷ ግን ሳታቋርጥ ጨረሰችው። ቅጂውን ስንከፍተው ሦስት እጁ ዝናብ ነው። እንደገና ብንላት «አንዴ ዘምሬያለሁ» ብላ ተቀመጠች። በቃ፣ አለቀ።

ማን ሠራው ስትባል አታውቅም። ዕድሜዋን ሙሉ የዘመረችው፣ ያስተማረችውም ነው፤ ግን የነገራት የለም። ልጄ ፈልጋ አገኘች። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ሄደው የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የነፋስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙ። በኦቶማን ቱርክ ከተፈጸመው እልቂት የተረፉ ልጆች ናቸው። አርባዎቹን አዲስ አበባ አመጧቸው። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የሙዚቃ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የመዝሙሩን ዜማ ሠራ፣ ግጥሙን የደብረ ኤልያሱ የቅኔ ሰው ዮፍታሔ ንጉሤ ጻፉት። እስከ 1967 ድረስ ያ ነበር የአገሩ መዝሙር።

ልጄ ስለ ዜማው ብዙም አልገረማትም። ልጆቹ ናቸው የገረሟት። «እኔን የሚያካክሉም አሉባቸው ማለት ነው?» አለች። አገር የሌላቸው ልጆች መጥተው የሰው አገር ብሔራዊ መዝሙር ይነፋሉ። ወደ ክፍሏ ገብታ እራት እስኪቀርብ አልወጣችም።

የእኔ ተራ ደረሰ። የደርጉን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል ካልዘመርኩት። አፌን ስከፍት እግሬ ራሱ ገጠመ፣ እጄ ጎኔ ላይ ተለጠፈ። ልጄ በሳቅ ሞተች። ግጥሙ የአሰፋ ገብረማርያም ተሰማ፣ ዜማው የዳንኤል ዮሐንስ ሐጎስ ነው፤ እኔም ያኔ አላውቅም ነበር። የአሁኑን ግጥም ደረጀ መላኩ መንገሻ፣ ዜማውን ሰሎሞን ሉሉ መሥራታቸውንም ያወቅኩት ያን ዕለት ነው።

የጠፉትን ቃላት ጻፈች። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ስንሄድ «አምላክሽ» እና «ንጉሥሽ» የሉም። «ኅብረተሰብአዊነት» ገብቷል። በሦስተኛው ደግሞ እሱ ጠፍቶ «ዜግነት» ከፊት ተቀምጧል። ይሄን የጻፈችው ግማሽ ገጽ ላይ ነው። እኔ ይሄንኑ ለመማር ስንት ምዕራፍ እንደሸመደድኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ከታች ደግሞ ማንም ያልጠየቃትን ጨመረች፦ «ሦስቱም ኢትዮጵያን አንቺ ነው የሚሏት።»

አንድ የክፍሏ ልጅ ደግሞ ተቸግሮ ነበር። አያቱ ገጠር ነው ያደጉት፣ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጡም። ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው የባንዲራ መዝሙር ከየት ያመጣል? ቀረርቶ ቀዳላቸው። መምህሩ ተቀበሉት። እኔ ብሆን ሙሉ ማርክ ነበር የምሰጠው፤ በዚያን ዘመን እኮ ፊደል የቆጠረው ካልቆጠረው በጣም ያነሰ ነበር።

አሁን ወደ እማዬ ልመለስ። ለዚህ ነው ማይክ የከፈትኩትም።

የእኔን ስትሰማ ዝም ብላ ቆየችና «እሱን እኔም አስተምሬዋለሁ» አለች። የደርጉ መዝሙር አዲስ ሆኖ ሲመጣ ግጥሙ በስቴንስል ተባዝቶ ደረሳቸው። ዜማውን አስተማሪዎቹ ከሬዲዮ እየሰሙ ያጠኑታል፣ ጠዋት ለልጆቹ ያስጠናሉ። ሁለተኛ ክፍል ነበር የያዘችው። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሁለቱም መዝሙሮች የሚጀምሩት «ኢትዮጵያ» ብለው ነው። ለሰባት ዓመት ልጅ አፉ የለመደው ይቀድመዋል።

አንድ ጠዋት ሰልፍ ላይ ሁሉም «ኢትዮጵያ» ብሎ ጀመረ። ከፊት የቆመ አንድ ትንሽ ልጅ ግን «ሆይ» ብሎ በአሮጌው ቀጠለ። ድምፁ ደግሞ የሚያምር፣ ጥርት ያለ። እስከ «በንጉሥሽ» ድረስ ሄደበት። የቀበሌ ሰዎች ቆመዋል። ዳይሬክተሩ መሬት መሬት ያያል። እማዬ ምን እንዳደረገች ታውቃላችሁ? ድምፅ የላትም፣ እሷም ታምናለች። ግን አዲሱን በጩኸት ዘመረችው። ልጁ እስኪዋጥ ድረስ። ሌሎቹ ክፍሎችም ተከተሏት።

«ከዚያስ?» አለች ልጄ።

«ከዚያማ ደወል ተደወለ፣ ገባን። ሒሳብ ነበር።»

ከዝናቡ በላይ ለምን እንደዘመረች ያኔ ገባኝ።

ልጄ «ልጁ ማን ይባላል?» አለቻት። እማዬ ስልኩን አየችው፣ ቀይዋ ነጥብ ብልጭ ድርግም ትላለች። «እሱን ዝጊው» አለች። ዘጋችው። ከዚያ ስሙን ነገረችን፣ ከነአባቱ።

እኔም አልነግራችሁም። ሰላም ሁኑ።