አክሲዮን መነገድና አክሲዮን መያዝ

(በስክሪኑ ላይ፦ የአክሲዮን የምስክር ወረቀት፤ ቀጥሎም የሚወጣና የሚወርድ የዋጋ መስመር)

ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. አክሲዮን የሚገዛበትና የሚሸጥበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በይፋ ተከፈተ፤ ወጋገን ባንክም በገበያው የተመዘገበ የመጀመሪያው ባንክ ሆነ። ከዚያ በፊት የባንክ አክሲዮን የገዛ ሰው የምስክር ወረቀቱን ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ በየዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ይገኛል፣ የትርፍ ድርሻውን ይቀበላል፣ ወይም ተጨማሪ አክሲዮን ይገዛበታል። መሸጥ ሲያስፈልገው ገዢ የሚያገኘው በሰው በሰው ስለነበር፣ ፈልጎም ባይሆን ታጋሽ ነበር። አሁን ዋጋ በይፋ የሚታይበት ቦታ ሲመጣ፣ «ድርጅቱ ዘንድሮ ስንት አተረፈ?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «ዛሬ ስንት ገባ?» የሚል ሌላ ጥያቄ ቆሟል።

ብዙዎች አክሲዮን በመነገድና በመያዝ መካከል ያለውን ልዩነት በጊዜ ርዝመት ብቻ ይለኩታል። እኔ ግን ዋናው ነገር ትርፉ ከማን እንደሚጠበቅ ነው እላለሁ። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲያቀርብ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ ደግሞ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። ይህን ገንዘብ የከፈለ ባለሀብት የሚመረምረው የደንበኞችን ቁጥር፣ የቴሌብርን ገቢ፣ የድርጅቱን ዕዳና በየዓመቱ ሊከፋፈል የሚችለውን ትርፍ ነው፤ የሚጠብቀው ከድርጅቱ ሥራ ነውና። በአጭር ጊዜ የሚነግድ ሰው ግን ያንኑ አክሲዮን በእጁ ይዞ «በ330 ብር የሚቀበለኝ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ትርፉ የሚመጣው ከሚቀጥለው ገዢ ኪስ ነው።

መነገድ ነውር አይደለም። ነጋዴ የሌለበት ገበያ ላይ፣ ልጁን ለማስታመም አክሲዮኑን መሸጥ የሚፈልግ ባለአክሲዮን ገዢ ያጣል። ነገር ግን ሥራው ወጪ አለው፣ ወጪው ደግሞ አይታይም።

(በስክሪኑ ላይ፦ ገዢ 300፣ ሻጭ 303)

ለምሳሌ በአንድ አክሲዮን ላይ ገዢዎች 300 ብር ሲሰጡ ሻጮች 303 ብር ይጠይቃሉ እንበል። አሁን በ303 ገዝታችሁ ወዲያው ብትሸጡ የምታገኙት 300 ነው፤ ገዢና ሻጭን የሚያገናኘው ድርጅት (አገናኙ) የሚወስደው ኮሚሽን ሳይቆጠር 1 በመቶ ያህል ሄደ። አክሲዮኑን አሥር ዓመት ለሚይዝ ሰው ይህ ኢምንት ነው። በ100,000 ብር ጀምሮ ሙሉ ገንዘቡን በየሳምንቱ የሚያገላብጥ ሰው ግን፣ ዋጋው ንቅንቅ ባይል እንኳ፣ ከ52 ሳምንት በኋላ በእጁ የሚቀረው 60,000 ብር ገደማ ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የሚታይ ስሌት አይደለም። ብራድ ባርበርና ቴራንስ ኦዲን የተባሉ ተመራማሪዎች ከ1991 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. ድረስ በአሜሪካ በአንድ አገናኝ ድርጅት ሒሳብ የነበራቸውን 66,465 ቤተሰቦች መዝገብ መርምረው ነበር። ገበያው በዓመት በአማካይ 17.9 በመቶ ባስገኘበት በዚያ ዘመን፣ አብዝተው የሚሸጡትና የሚገዙት ቤተሰቦች ያገኙት 11.4 በመቶ ነበር። ገበያው ለሁሉም አንድ ነበር፤ ልዩነቱን በዋናነት የፈጠረው የመገበያያ ወጪው ነው።

አሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ግብሩም ይጨመራል፤ ከአንድ ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ተይዞ የተሸጠ አክሲዮን ትርፉ እንደ ደመወዝ እስከ 37 በመቶ በሚደርስ የፌዴራል ምጣኔ ሲታሰብ፣ ከዓመት በላይ የተያዘው ግን እንደ ገቢው መጠን 0፣ 15 ወይም 20 በመቶ ይከፈልበታል።

እጅግ የሚያሳስበኝ ግን በመካከል መንገድ የሚቀይረው ሰው ነው። ለሁለት ሳምንት ብሎ የገዛው አክሲዮን 20 በመቶ ሲወርድበት «እኔ እኮ ለረጅም ጊዜ ነው የያዝኩት» ይላል፤ የድርጅቱን የሒሳብ መግለጫ ግን አንድ ቀን ገልጦ አላየም። ነጋዴ ቢሆን ኪሳራው ትንሽ ሳለ አስቀድሞ በወሰነው ዋጋ ሸጦ በወጣ ነበር፤ ባለሀብት ቢሆን የሚመረምረው ድርጅቱ ራሱ መዳከም አለመዳከሙን ነው። እርሱ ከሁለቱም የለም። ስለዚህ በምትገዙበት ቀን፣ ዋጋው ከመንቀሳቀሱ በፊት፣ ለምን እንደገዛችሁና በምን ምክንያት እንደምትሸጡ ቀኑን ጠቅሳችሁ በማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ፤ ዋጋው የወረደ ዕለትም መጀመሪያ የምትከፍቱት ያንን ገጽ ይሁን።