የእምዬ ብቅልና የማንችስተር ዳቦ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ውድ መምህራን፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ የዓመቱን የአማርኛ ትምህርት ጨርሳችሁ ከፊቴ የተቀመጣችሁ ልጆች፣ እንኳን ደስ አላችሁ!

«ስለ ልጅነትሽ ንገሪያቸው» ስባል መጀመሪያ ትዝ ያለኝ መክሰስ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት፣ እናንተ ልጆች በእንግሊዝኛ አራት ሰዓት በምትሉት፣ በሩን ከፍቼ ስገባ ማድ ቤት ውስጥ የሚጠብቀኝ ነገር። ሌላው ማዕድ የአዋቂ ነው፤ ሰዓቱንም ምግቡንም እነሱ ይወስናሉ። መክሰስ ግን የልጅ ነው። ስለዚህ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ መክሰስ፣ በተለይም እዚሁ ማንችስተር ከተማ ስለሚጋገር አንድ ጥቁር፣ እርጥብ፣ ቢላዋ አልለቅም የሚል ዳቦ ነው። እንግሊዞች ሞልት ሎፍ ይሉታል። በእኛ ቤት ስሙ የብቅል ዳቦ ነው፤ ስሙን ያወጣችለት አያቴ ናት። እምዬ ነበር የምንላት።

ማንችስተር የገባነው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1991 ነው። እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። የመጣነው ከደብረ ብርሃን ስለሆነ ብርዱ አላስደነገጠንም፤ ያስደነገጠን የማያባራው ዝናብ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ጤፍ የሚሸሸው ብርድ ለገብስ ይስማማዋል። የእኔም የመጀመሪያዎቹ መክሰሶች ከገብስ የተወለዱ ነበሩ፦ ከምጣድ የወረደ ትኩስ ቆሎ፣ በማር የተለወሰ የበሶ ጭብጦ። ጭብጦውን እምዬ ጨብጣ ስታስቀምጠው የአራት ጣቶቿ ምልክት ይቀርበት ነበር። እኔና ወንድሜ ምልክቱ ጠልቆ የወጣበትን ለማግኘት እንጣላለን፤ ማሩ የሚቋጠረው እዚያ ጎድጓዳው ላይ ነዋ!

እዚህ ትምህርት ቤት በገባሁ በጥቂት ወር መምህራችን ሁላችንም ከቤታችን የምንወደውን የሚበላ ነገር ይዘን እንድንመጣ ነገረችን። እምዬ አንድ ትልቅ የማርማላታ ጠርሙስ አጥባ ዳቦ ቆሎ ሞላችልኝ። መምህርቷ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችውና በአድናቆት «ሲያምር! ስንት ደቂቃ ነው የሚቀቀለው?» አለችኝ። ፓስታ መስሏት ነበር። እኔ መልሱን በእንግሊዝኛ ሳሰናዳ፣ ከኋላዬ የነበረው ልጅ አንድ እፍኝ ወደ አፉ ወርውሮ መቆርጠም ጀመረ። ያ ድምፅ! ክፍሉ በሙሉ ዞረ። ዳቦ ቆሎ በጆሮም የሚበላ ምግብ መሆኑን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ደወል ሳይደወል ጠርሙሱ ባዶ ሆነ፤ መምህርቷም ሳይቀቀል በላችው።

ትልቁ ግራ መጋባት የመጣው ግን «ሻይ» ከሚለው ቃል ነው። በዚህ በሰሜን እንግሊዝ «ቲ» ማለት የሚጠጣው ሻይ ብቻ አይደለም፤ የማታው ማዕድም ነው፤ ሰው ከሥራና ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ በእኛ 11 ሰዓት ገደማ፣ በትኩሱ የሚቀርበው። ይህን ማንም አልነገረንም። የጎረቤታችን ልጅ «ሐሙስ እኛ ቤት ለሻይ ነይ» ስትለኝ እምዬ ቃሉን እንደሰማችው ተረጎመችው። «በሻይ ብቻ ሊሸኟት ነው፤ ልጄን በባዶ ሆዷ አልሰድም» አለችና ገንፎ አገነፋች። መሐሉ ላይ ቅቤና በርበሬ እንደ ኩሬ የተኛበት ገንፎ። ጨርሼ በላሁ። ባዶ እጅም አይኬድምና ጠዋት ከጋገረችው ድፎ ዳቦ ግማሹን በሰሃን አድርጋ፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍና አስያዘችኝ።

እዚያ ስደርስ ጠረጴዛው ሙሉ ነው። ፊሽ ፊንገር የሚሉት በጣት ልክ ተቆርጦ የተጠበሰ ዓሣ፣ የድንች ጥብስ፣ በቲማቲም ስጎ የተሠራ ባቄላ። ይህ ሲያልቅ ጄሊ የሚሉት ረግቶ የሚንቀጠቀጥ ቀይ ጣፋጭ፤ በጄሊው ላይ ደግሞ ካስተርድ የሚሉት ትኩስ ቢጫ የወተት ስጎ። ሰው አክብሮ ያቀረበውን መመለስ ነውር ነው ተብዬ ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ ስለዚህ በላሁ። የቤቱ እመቤት አንድ ሳላስተርፍ መብላቴን አይታ «ይህች ልጅ ምንኛ ርቧት ኖሯል!» በሚል ዓይን ተመለከተችኝና ደገመችልኝ። እምዬ በገንፎ፣ እሷ በዓሣ፤ ሁለት ሴቶች ሳይተዋወቁ በአንድ ምሽት በአንዲት ልጅ ሆድ ላይ በእንግዳ አክባሪነት ተወዳደሩ። ያን ዕለት ሌሊት ተቀምጬ ነው ያደርኩት፤ መተኛት አልቻልኩም።

በማግሥቱ ጎረቤታችን ራሷ ሰሃናችንን ይዛ መጣች። ጨርቁ ታጥቦና ተተኩሶ ነበር። ሰሃኑ ላይ በቢጫ ወረቀት የተጠቀለለ፣ እንደ ጡብ የሚከብድ አንድ ትንሽ ዳቦ ነበር። እምዬ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ሰሃኑን ግን አነበበችው። «አያችሁ» አለችን በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ «የእኛ ሰው ናት። ሰሃን ባዶ አትመልስም።»

ዳቦውን ከፈተችው። አሸተተች። እንደገና አሸተተች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ለሦስተኛ ጊዜ አሸተተችና «ይህማ ብቅል ነው!» ብላ ጮኸች። እናቴ ከመኝታ ቤት ሮጣ መጣች፤ የሆነ አደጋ የደረሰ መስሏት። እምዬ ደብረ ብርሃንን ከለቀቀች ጀምሮ ብቅል አሽትታ አታውቅም። «እነዚህም ብቅል ያበቅላሉ? ጠላውን ትተው ይጋግሩታል?» እያለች ዳቦውን እጇ ላይ ታገላብጠዋለች።

ዕለቱ ዓርብ ስለነበር ወረቀቱን እንዳነብ ታዘዝኩ። የቤተሰቡ የወረቀት አንባቢ እኔ ነበርኩ። ብስኩት ሁሉ በእኔ ንባብ ነው የሚፈረድበት፦ «ወተት አለው?» «አለው።» «ለእሁድ ይቀመጥ።» ጄሊ ደግሞ ከእንስሳት አጥንትና ቆዳ በሚወጣ ጄላቲን እንደሚረጋ ካነበብኩላት ጊዜ ጀምሮ በጾም ቀን ከቤታችን ተባረረ፤ ያን ቀን ማንበብ ባልቻልኩ ብዬ ነበር። የዚህን ዳቦ ወረቀት ግን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ዱቄት፣ የብቅል ጭማቂ፣ ዘቢብ፤ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም። እምዬ አማተበችና ቢላዋ አነሣች።

ቢላዋው ገባ፤ አልወጣም። ወደ ላይ ስትስበው ዳቦው በሙሉ አብሮ ተነሣ። አንዷን ቁራሽ ከቢላዋው አላቅቃ ለእኔ ስትሰጠኝ ከጣቷ ጋር ተጣበቀ፤ ከእኔም ጣት ጋር። «ይህ ዳቦ» አለች፣ «እጅ ይዞ አይለቅም፤ እንግዳ ሸኝቶ በር ላይ እንደሚቆም ዘመድ።» ከዚያ በኋላ ዘዴው ተገኘ፦ ቢላዋውን በፈላ ውሃ ነክሮ መቁረጥ።

ልጆች፣ ብቅል ምን እንደሆነ ሲነገር ሰምታችሁ አሠራሩን ላታውቁ ትችላላችሁ። ገብሱ ይዘፈዘፋል፤ ውሃው ይጠነፈፋል፤ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ በሙቅ ቦታ ያጎነቁላል። ፍሬው ያን ጊዜ ሊበቅል ነው፤ ለቡቃያው ስንቅ እንዲሆነው ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጡ ኤንዛይሞች ያዘጋጃል። እዚህ ላይ እናቶቻችን ይደርሱበትና በፀሐይ ያደርቁታል። ያ የደረቀው ነው ብቅል የሚባለው። እኛ ከጌሾ ጋር ጠላ እንጠምቅበታለን። እንግሊዞችም ቢራቸውን ከብቅል ይሠራሉ፤ ከዚያ ሌላ ግን የብቅሉን ጣፋጭ ውሃ አትንነው እንደ ማር የወፈረ ጭማቂ ያወጡና ዳቦ ውስጥ ይጨምሩታል። እምዬን የደነቃት ይህኛው ነው። ሁለቱ አገሮች አንዱን ፍሬ በአንድ ዓይነት መንገድ አብቅለው፣ በመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ተለያይተዋል።

እሷ ደግሞ አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም። ገብስ አስገዛች። ኮባ ስለሌለ በእርጥብ ፎጣ ጠቀለለችው። ፀሐይም ስለሌለ የሙቅ ውሃው ጋን ያለበት፣ ልብስ የምናደርቅበት ቁም ሣጥን ውስጥ አስገባችው። አባቴ ሰኞ ጠዋት ለሥራ ሸሚዙን ሊያወጣ ሲከፍተው፣ ገብሱ ነጭ ሥሩን አውጥቶ ሸሚዙ ላይ ተኝቶ ጠበቀው። አባቴ ምንም አላለም። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋና በትናንትናው ሸሚዝ ሄደ። እናቱ ናታ!

ብቅሉ ደርቆ ከተፈጨ በኋላ እምዬ ከድፎ ዳቦው ሊጥ ጋር አቦካችው፤ በቁንጥር ሳይሆን በእፍኝ። ማታ ጠጥሮ የነበረው ሊጥ ጠዋት ላልቶ፣ ተዝለግልጎ ተገኘ። ዛሬ ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ የብቅሉ ኤንዛይም ሌሊቱን ሙሉ የስንዴውን ስታርች ወደ ስኳር ሲለውጥ ነው ያደረው። ያን ጊዜ ግን ጉድ ነው የሆነው። ጋገረችው፤ ላዩ ጠቆረ፣ ውስጡ ቢላዋ ያዘ። እናቴ «አልበሰለም» አለች፤ ወንድሜ «ማስቲካ ነው» አለ። እምዬ ለማንም አልመለሰችም። በጨርቅ ጠቅልላ አስቀመጠችው። በማግሥቱ 10 ሰዓት ላይ ቆርጣ ሰጠችን። ጣፋጭ፣ ጥቁር ቡናማ፣ እርጥብ፣ የጠላ ቤት ሽታ ያለው። የዳቦውን አሠራር ያላየች፣ እንግሊዝኛ የማታነብ አሮጊት፣ በአፍንጫዋ ብቻ ተመርታ ሞልት ሎፍ ላይ ደርሳለች! ግማሹን በዚያው ሰሃን ለጎረቤታችን ወሰድኩ። ጎረቤታችን በሩ ላይ ቆማ ቀመሰችና ባሏን ጠራችው።

ስለ ዳቦው ታሪክ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በየሱቁ የምታዩት ሶሪን የሚባለው ሞልት ሎፍ በ1930ዎቹ እዚህ ማንችስተር ውስጥ መጋገር የጀመረ ነው፤ የጀመረውም ሶረንሰን የሚባል ከዴንማርክ የመጣ ስደተኛ ነው። ይህን ሳነብ እምዬ በሕይወት አልነበረችም። ብትኖር ኖሮ «አላልኳችሁም? የእኛ ሰው ነው» ትል ነበር። ብስክሌተኞችና ተራራ ወጪዎች ይህን ዳቦ ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ይሄዳሉ፤ ትንሽ ቦታ ይይዛል፣ ቶሎ አይበላሽም፣ ጉልበት ይሰጣል። ስለ በሶ የሚባለው ሁሉ ይኸው አይደለም? የመንገደኛው ስንቅ፣ የዘማቹ ስንቅ። ገብስ በሁለቱም አገር ሰው መንገድ ሲወጣ አብሮ ይወጣል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር፤ ልጆች እንደምትወዱት አውቃለሁና። ጃፋ ኬክ የሚሉት፣ የብርቱካን ማርማላታ ያለበትና ላዩ በቸኮሌት የተሸፈነ ትንሽ ጣፋጭ፣ ብስኩት ነው ወይስ ኬክ? እኛ እዚህ አገር በገባንበት በዚያው በ1991 ጉዳዩ እስከ ግብር ዳኞች ድረስ ሄዶ ተከራክረውበታል። በቸኮሌት የተሸፈነ ብስኩት የተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፈልበታል፤ ኬክ አይከፈልበትም። ዳኞቹ ካዩዋቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፦ ብስኩት ሲቆይ ይለሰልሳል፣ ኬክ ሲቆይ ይደርቃል። ጃፋ ኬክ ይደርቃል፤ ኬክ ነው ተባለ። በእኛ ቤት ግን ይህን ማረጋገጥ የሚቻልበት መንገድ አልነበረም። ጃፋ ኬክ ቆይቶ አያውቅማ!

ሞልት ሎፍ ግን መቆየት ይወዳል። ተጠቅልሎ ጥቂት ቀን ሲያድር ይበልጥ ይረጥባል፣ ይጣፍጣል። እዚያ ከኋላ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ጠረጴዛ ስታዩት የቆያችሁ ልጆች አላችሁ፤ ከዚህ ሆኜ አይቻችኋለሁ። ሦስቱን የብቅል ዳቦ የጋገርኩት ማክሰኞ ነው፤ እስከ ዛሬ ቅዳሜ አሳድሬዋቸዋለሁ። ወተትም እንቁላልም የለባቸውም። ቅቤው ለብቻው በሳህን ተቀምጧል፤ የሚፈልግ ይቀባል። አጠገቡ ዳቦ ቆሎ አለ፤ አይቀቀልም። በሶውን የጨበጡት የልጆቹ አያቶች ናቸው፤ ጣታቸው ጠልቆ የወጣበትን ለመምረጥ የመጀመሪያው ረድፍ ቅድሚያ አለው።

ሻዩ ፈልቷል። ሰዓቱ 10 ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው። እናቶች ቅደሙ፤ ከቢላዋው ጎን ያለው ጆግ ውስጥ የፈላ ውሃ አለ። መጀመሪያ ነክራችሁ ቁረጡ።