ዓይኔን የት አደረሱት?

ከድር፦ እንደምን ሰነበታችሁ! ዛሬ የደሴው ተራራ ጦሳ ጭጋጉን ጥሎብናል፣ ድምፄ ቢጎረንን አትፍረዱብኝ። ርዕሳችን ፋይዳ፣ ዲጂታል መታወቂያው ነው። ሴፍቲኔት፣ ጡረታ፣ ምናምን ለመቀበል "ማንነትህን በስልክ አረጋግጥ" ስትባል መረጃህ የት ነው የሚሄደው? የሚለውን...

ምስራቅ፦ መጀመሪያ ኦቾሎኒውን ንገራቸው።

ከድር፦ እሱን መጨረሻ ላይ ነበር ያሰብኩት።

ምስራቅ፦ አያስችልህም፣ አውቅሃለሁ።

ከድር፦ (ሳቅ) እሺ። ባለፈው ፒያሳ ላይ ኦቾሎኒ ገዛሁ። ሴትየዋ እንደ ወጉ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። እየቆረጠምኩ ስሄድ አለቀ። ወረቀቱን ልጥል ስል አንድ ሰውዬ አፍጥጦ ያየኛል። ፎቶ ነው! ስሙ ከነአያቱ አለ። የልደት ቀኑ አለ። 12ቱም አሃዝ ቁልጭ ብሎ አለ። የፋይዳ ኮፒ ነው። ጨው ብቻ ነው የተጨመረበት።

ምስራቅ፦ በጨው የታሸ ፋይዳ!

ከድር፦ እንዴት እንደደረሰ ገባኝ። ፎቶ ኮፒ ቤት ትሄጃለሽ። ልጁ "ጠቆረብኝ" ይልና አንዱን ወደ ጎን ይወረውራል። ሌላ ያወጣልሻል። አንቺ ጥሩውን ይዘሽ ትሄጃለሽ። የተወረወረው የት ይሂድ? ማንም አይጠይቅም። እኔም ጠይቄ አላውቅም።

ምስራቅ፦ ሰውዬውን አወቅከው?

ከድር፦ አላወቅኩትም። ግን ፒያሳ ባገኘው ሰላም እለዋለሁ። ልደቱን አውቃለሁ እኮ። መስከረም 1።

ምስራቅ፦ እሱማ የግማሹ ወሎ ልደት ነው።

ከድር፦ አያቴም መስከረም 1 ናት። መዝጋቢው "መቼ ተወለዱ?" ሲላት "አንበጣ የመጣ ዓመት" አለችው። የቱ አንበጣ እንደሆነ እሷም አታውቀውም።

ምስራቅ፦ በቃ፣ አያቱን ከጀመረ ርዕሱን ረሳነው።

ከድር፦ ርዕሱ እሷ ናት እኮ! ስሚኝ። ጣቷን አሻራው ላይ ስታደርግ ማሽኑ እምቢ አለ። ጠረጉት፣ ቅባት አስነኩት፣ እምቢ። ልጁ "እማማ፣ አሻራዎ የት ሄደ?" ሲላት "ምጣድ በላው" አለችው። ስልሳ ዓመት እንጀራ ያወጣ ጣት ነው። እንዝርቱም አለ። ምን ይቀራል?

ምስራቅ፦ ታዲያ እንዴት ተመዘገቡ?

ከድር፦ በዓይኗ። 10 ጣት፣ 2 ዓይን፣ ፊት ነው የሚወሰደው። ጣቷ ቢያስቸግርም ዓይኗ ያዘላት። ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆመችና "አንተ፣ ዓይኔን የት አደረሱት?" አለችኝ።

ምስራቅ፦ (ሳቅ) ምን አልካቸው?

ከድር፦ "ኮምፒዩተር ውስጥ ነው" አልኳት። "ኮምፒዩተሩስ የማን ነው?" አለች። "የመንግሥት" አልኳት። "ያ መንግሥት ሲሄድስ?" አለች። እሷ ስንት መንግሥት ሲሄድ ያየች ሴት ናት። ዝም አልኩ።

ምስራቅ፦ አዋጅ አለ እኮ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ 1284/2015 አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ደግሞ በ2016 ወጣ፣ ቁጥሩ 1321። መረጃህን ለተወሰደበት ዓላማ ብቻ ተጠቀሙ ይላል።

ከድር፦ አዋጁ ኦቾሎኒ ሻጯ ጋ አልደረሰም።

ምስራቅ፦ እሱ የአዋጁ ጥፋት አይደለም! የፎቶ ኮፒ ጥፋት ነው። እንዲያውም የፋይዳ ሐሳብ ኮፒው እንዲቀር ነበር። በስልክህ ታረጋግጣለህ፣ አለቀ። ኮፒ አምጣ የሚሉት ቢሮዎቹ ናቸው።

ከድር፦ እሺ፣ ወደ ስልኩ እንምጣ። አንድ ቀን አያቴ ቡና አፍልታለች። አቦል ወርዷል፣ ዱበርቲዎቹ፣ የሰፈሩ እናቶች ማለቴ ነው፣ ተቀምጠዋል። ስልኳ ጠራ። "ከወረዳ ነው፣ የሴፍቲኔት ክፍያ ሊገባልዎት ነው፣ አሁን የሚመጣልዎትን ቁጥር ያንብቡልን።" እሷ ማንበብ አትችልም። የጎረቤት ልጅ ጠራች። ልጁ በላውድስፒከር እያስደመጠ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። አራት! ሰባት! ዱበርቲዎቹም ተቀበሉት። አራት፣ ሰባት...

ምስራቅ፦ እንደ መንዙማ!

ከድር፦ እንደ መንዙማ! አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ኔትወርክ ሄደ። የሞባይል ገንዘቧን በዚያች በተረፈች አንድ ቁጥር ነው ያተረፈችው። እኔ ዕድሜ ልኬን ኔትወርክ ስራገም የኖርኩ ሰው የዚያን ቀን መረቅኩት። የገረመኝ ሌላው ነው። ይህቺው ሴትዮ ዕድሜዋን ለዱበርቲዎቹ አትናገርም። ምስጢር ነው። ስድስቱን ቁጥር ግን ለማያውቁት ሰው ሰባት ሆነው በኅብረት።

ምስራቅ፦ ቁጥሩ ምስጢር መሆኑን ማን ነገራቸው?

ከድር፦ መልእክቱ ራሱ "ለማንም አይስጡ" ይላል።

ምስራቅ፦ የማያነቡትን።

ከድር፦ ...ልክ ነሽ። ልክ ነሽ። እሱን አላሰብኩትም።

ምስራቅ፦ እኔ ግን ፋይዳን አልጠላውም። የድሮው የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር የሚል መስመር ነበር። በ2014 ከደሴ ስንወጣ ኬላ ላይ ያን መስመር ሲያነቡብኝ ቆሜያለሁ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፋይዳ ብሔር አይጠይቅም፣ ሃይማኖት አይጠይቅም። ለእኔ ግላዊነት ማለት መጀመሪያ እሱ ነው።

ከድር፦ እሱን አልክድም።

ምስራቅ፦ ሰነዳቸው የጠፋባቸው ስንት ሰዎች ናቸው? ዓይናቸው ግን አብሯቸው ተሰደደ፣ አብሯቸው ተመለሰ።

ከድር፦ አልክድም አልኩሽ። ግን ወረቀቱ ቢጠፋ ሌላ ይሰጡሻል። ዓይን ግን ያው ሁለት ነው። የአያቴ ጥያቄ እሱ ነው። ህንድን እዪ፣ አድሃር የሚሉት መታወቂያ አላቸው፣ እሱም 12 አሃዝ። የቀን ሠራተኛው ጣቱ ተልጦ ማሽኑ እምቢ ሲለው ራሽኑን ሳይወስድ የሚመለስበት ጊዜ ነበር። ፋይዳም የተሠራው እዚያው ባንጋሎር በተጀመረ ሞሲፕ በሚባል ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። ጉዳዩ ሩቅ አይደለም።

ምስራቅ፦ ህንድ ፍርድ ቤት ሄደዋል እኮ። እንደ ፈረንጆቹ በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው "ለመንግሥት ድጋፍ ይሁን፣ ባንክና የስልክ ድርጅት ግን እንዳያስገድዱ" አለ።

ከድር፦ አሜሪካም የግብር መሥሪያ ቤቱ በግል ድርጅት በኩል የሰዎችን ፊት ሊያስነሳ ሲል ሕዝቡ ጮኸ። እንደ ፈረንጆቹ በ2022፣ የካቲት አካባቢ ተወው። እዚህ ማን ይጮኻል? አያቴ ደረጃ ላይ ቆማ ነው የጮኸችው።

ምስራቅ፦ ለአንተ።

ከድር፦ ለእኔ።

ምስራቅ፦ ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እሳቸው ሲመዘገቡ የማን ስልክ ቁጥር ተሞላ?

ከድር፦ ...የእኔ።

ምስራቅ፦ ማረጋገጫው ለአንተ ነው የሚመጣው?

ከድር፦ የሷ ስልክ ባትሪው አይቆይም እኮ። የአጎቴም በእኔ ነው። የሁለቱ ዱበርቲዎችም... አስመዝግበን ሲሉኝ ስልኬን ሰጠሁ።

ምስራቅ፦ የአራት ሰው ማንነት በኪስህ ይዘህ ነው ስለ ደኅንነት የምትሰብከን?

ከድር፦ እኔ ልጃቸው ነኝ!

ምስራቅ፦ የደወለውም ሌባ "ልጅዎ ነኝ" ነው የሚለው። ስልክህ ቢሰረቅስ? ቆልፈኸዋል?

ከድር፦ አለው፣ ቁልፍ አለው።

ምስራቅ፦ ስንት ነው?

ከድር፦ አልነግርሽም።

ምስራቅ፦ መስከረም 1 ነው አይደል? ዜሮ አንድ ዜሮ አንድ።

ከድር፦ (ረጅም ሳቅ) ይሄን ቁረጡት! ወላሂ ቁረጡት።

ምስራቅ፦ አይቆረጥም። ወረቀቱንስ ምን አደረግከው?

ከድር፦ የሰውዬውን? ከሰሉ ላይ አቃጠልኩት። አያቴ "ማንን ነው የምታቃጥለው?" ስትል "አንድ የፒያሳ ሰው" አልኳት። ደንግጣ ዱዓ አደረገችለት።

ምስራቅ፦ አንተም ዛሬ ማታ ቁጥሩን ቀይር።

ከድር፦ እቀይራለሁ። የአያቴን ስልክ ግን... ባትሪ ልግዛላት ነው የምትይኝ?

ምስራቅ፦ ባትሪ ግዛላቸው። ከዚያ ቁጥሩን ወደ ራሳቸው አዙረው።

ከድር፦ ያኔ ደግሞ ዱበርቲዎቹ በዜማ ያነቡታል።

ምስራቅ፦ እሱን በሚቀጥለው ሳምንት እንጨቃጨቃለን። ቡናው ቀዝቅዟል።