የሐይቁ ዳር ስንዝር ውኃ

በዓለም የረግረግ መሬቶች ቀን በወሎ፣ በሐይቅ ከተማ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ሼሆቻችን፣ ቀሳውስትና መነኮሳት አባቶቻችን፣ እናቶቻችን፣ ገበሬዎችና ዓሣ አስጋሪዎች፣ ተማሪዎች፤ እንደምን አረፈዳችሁ!

ዛሬ ጥር 25 ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1971 በዚህ ዕለት፣ ኢራን ውስጥ ራምሳር በምትባል ከተማ፣ ስለ ረግረግ መሬትና ስለ ውኃ ወፎች አንድ ዓለም አቀፍ ስምምነት ተፈረመ። ቀኑ የሚታሰበው በዚህ ምክንያት ነው። ስምምነቱን ለሕግ አዋቂዎቹ ልተውላቸውና እኔ ስለ ጭቃ ልናገር።

የተማርኩት ባዮሎጂ ነው፤ ሥራዬም ለውኃ ወፎች የጠፋባቸውን መኖሪያ መልሶ ማበጀት ነው። ይህን ስናገር ብዙ ሰው «ዛፍ ትተክላላችሁ ማለት ነው?» ይለኛል። አንተክልም። እንዲያውም ምንጭ አፍ ላይ የቆመ ባሕር ዛፍ ይነሣ እያልን ከባለቤቱ ጋር የምንነታረከው እኛው ነን።

እስቲ ከደጃችን እንጀምር። ሐይቃችን ጥልቅ ነው። ለዳክዬ ግን ያ ሁሉ ጥልቀት ማረፊያ ሊሆነው ይችላል እንጂ መሶብ አይሆነውም። ወደ ጥቅምት ገደማ ከአውሮፓና ከእስያ ተነሥተው ወደ አገራችን የሚመጡት ዳክዬዎች፣ ምንቃሩ እንደ አካፋ የሰፋውም፣ ጅራቱ የሾለውም፣ አብዛኞቹ ጠልቀው አይመገቡም። ራሳቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው፣ ጅራታቸውን ወደ ሰማይ አቁመው፣ አንገታቸው የደረሰበትን ያህል ብቻ ነው የሚለቅሙት። ያም ከአራት ጣት እስከ አንድ ስንዝር፣ ግፋ ቢል ስንዝር ተኩል ውኃ ነው። ከዚያ ካለፈ ምግቡ ከሥሩ ሞልቶ ወፉ ጦሙን ያድራል። ስለዚህ «ሐይቁ እኮ አለ፣ ምን ጎደላቸው?» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ፣ ዳሩን አይተኸዋል ወይ ብዬ እጠይቀዋለሁ።

ዳሩ ላይ ምን አለ? ነገ ጠዋት ውኃው ጫፍ ላይ ቁጢጥ በሉና አንድ እፍኝ ጭቃ ዝገኑ። በጣታችሁ ስታፍረጠርጡት ክር የመሰሉ ቀያይ ትሎች ሲጠማዘዙ ልታዩ ትችላላችሁ። ትንኝ የሚመስሉ፣ ነገር ግን ሰው የማይነክሱ ነፍሳት ዕጮች ናቸው። ቅላታቸው በእኛ ደም ውስጥ ካለው ከሄሞግሎቢን የመጣ ነው፤ አየር ባጠረው ጭቃ ውስጥ መኖር የቻሉትም በእሱ ነው። እንቁላል ልትጥል የደረሰች ዳክዬ ዘርና ሣር ብቻ አይበቃትም፤ ፕሮቲኑን የምታገኘው ከእነዚህና ከመሰሎቻቸው ነው። አዲስ የተፈለፈለ ጫጩትም እንደዚሁ።

በዚያው እፍኝ ውስጥ ደግሞ በዓይን የማትለዩት የቄጠማና የሣር ዘር ተኝቷል። ዓመታት ሊተኛ ይችላል። ውኃው ሲሸሽና ፀሐይ ጭቃውን ሲነካው ይበቅላል፣ ያፈራል፤ ውኃው ሲመለስ ፍሬው የወፍ ቀለብ ይሆናል። በእኛ ሙያ ሰው የማይጠብቀው ነገር ይኼ ነው፤ ረግረግ ዓመቱን ሙሉ ተጥለቅልቆ እንዲቀመጥ አንፈልግም። መድረቅም አለበት፣ በጊዜው። ያስቸገረን መድረቁ ሳይሆን ደርቆ መቅረቱ ነው።

ደርቆ የሚቀረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቦይ ነው። አንድ ሰው ማሳውን ለማጠንፈፍ ይቆፍራል፣ ጎረቤቱ ይከተላል፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ውኃው ሳይተኛ ይነጉዳል። ስለዚህ የመልሶ ማቋቋሙ ሥራ ሲጀመር ከባድ መሣሪያ አይጠይቅም። ቦዩ በአፈርና በድንጋይ ይደፈናል፤ ማለፊያው ላይ ሳንቃ የሚገባበት ትንሽ በር ይሠራል። አንድ ሳንቃ ስትጨምር ውኃው ይነሣል፣ ስታነሣ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የባዮሎጂስቱ ሥራ ስንዝር መለካት፣ የበቀለውን መመዝገብና ወፍ መቁጠር ነው። አሰልቺ ነው፣ አልዋሻችሁም።

ይህ ዘዴ በሌላ አገር ተፈትኗል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1930ዎቹ በሰሜን አሜሪካ ድርቅ በርትቶ የዳክዬው ቁጥር ክፉኛ አሽቆለቆለ። በ1934 አሜሪካኖች ዳክዬ አዳኝ ቴምብር እንዲገዛ ሕግ አወጡ፤ በገንዘቡም ረግረግ መሬት ይገዛ ጀመር። በ1938 ደግሞ ካናዳ፣ ማኒቶባ ውስጥ፣ ቢግ ግራስ በሚባል ቦታ ሥራ ተጀመረ። ቦታው ለእርሻ ተብሎ ደርቆ የነበረ ረግረግ ነው። እርሻውም አልሆነላቸውም፣ ረግረጉም ከእጃቸው ወጣ። ቦዩን ገድበው ውኃውን መለሱት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ገንዘቡን ያዋጡት በአብዛኛው አዳኞች ናቸው። የእኛ ወፍ እንዲህ ያለ ቴምብር የሚገዛለት አዳኝ የለውም። በእኛ አገር ወጪውን የሚሸከመው ለወፉ ሲል የግጦሽ ሣሩን የተወ ገበሬ ነው፤ ስለዚህ የእነሱን ሥራ እንዳለ ገልብጦ እዚህ ማምጣት አያዋጣም።

አሁን ወደ ወሎ ልመለስ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ ደሴት እንደነበረ መነኮሳት አባቶቻችን ያውቁታል፤ ዛሬ በእግር ይገባል። ውኃው ሲሸሽ የተገለጠው ዳር ለምለም ስለሆነ ወዲያው የውኃ መሳቢያ ሞተር ተተክሎ ሽንኩርት ይወጣበታል። ሰው አይፈረድበትም፣ መሬት ጠቧል። ወደ ታች ወርዳችሁ ደግሞ ጨፋን ተመልከቱ። ከሐርቡ እስከ ከሚሴ የተንጣለለው ያ ረግረግ በበጋ የአፋሩም፣ የኦሮሞውም፣ የአማራውም ከብት የሚተርፍበት ነው። እየታረሰ ሲጠብ የሚጨነቀው ወፉ ብቻ አይደለም፤ እረኛውም ከእረኛ ጋር ይጋጫል። የቦርከና ወንዝም ቢሆን ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ፣ የከተማውን ቆሻሻ ተሸክሞ ነው ጨፋ የሚገባው። ሳንቃ የገባበት በር ለዚህ መድኃኒት አይሆንም፤ እሱ የከተሞቹ ዕዳ ነው።

ከብት ስል አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁ ሲለዋወጥ አየሁ። አብሽሩ፤ ከብታችሁን ልንከለክል አልመጣንም። ከብት ጨርሶ የማይገባበት ረግረግ በፊላና በደንገል ይዋጣል፤ ዳክዬው የሚያርፍበት ግልጥ ውኃ ያጣል። ለወፍ የሚመቸው ግማሹ ተክል፣ ግማሹ ግልጥ ውኃ የሆነ ቦታ ነው። ያንን ከከብት አፍና ከቄጠማ አጫጆች ማጭድ የተሻለ በርካሽ የሚያበጅልን የለም። ለበዓሉም፣ ለቡናውም፣ ለውዳጃውም የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ከዚያው ነውና። ጥያቄው መቼ የሚለው ነው። ወፉ እንቁላሉን በታቀፈበት ወራት ኮቴ ከገባ ጎጆው ይረገጣል።

ይህንን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያሉት የበርጋ ገበሬዎች ሠርተው አሳይተዋል። በሜዳቸው በክረምት የምትራባ፣ በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት የቀረች ትንሽ ወፍ አለች። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከነዋሪው ጋር ተመካክሮ፣ ወፏ በምትራባበት ወቅት ከብት ከሜዳው እንዲገለል ተስማሙ። ለልጆቻቸውም ትምህርት ቤት ተሠራ። ትምህርት ቤቱ ባይሠራ ኖሮ ስምምነቱ ይጸና ነበር ብዬ አላምንም፤ ማመንም ያለብን አይመስለኝም።

«ረግረጉ ሲመለስ ወባ አያመጣብንም ወይ?» የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ነው። በአገራችን ዋነኛዋ የወባ ትንኝ በብዛት የምትራባው ፀሐይ በሚመታቸው ትንንሽ ኩሬዎች፣ በከብት ኮቴ ጉድጓድና አፈር ተቆፍሮ በተተወበት ቦታ ነው። ቢሆንም ረግረግ አጠገብ የሚኖር ሰው አጎበር ይቅርበት አልልም። ይዘርጋ።

ለዓሣ አስጋሪዎቹ ደግሞ፤ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ጎጆውን የሚቆፍረው ጥልቀት በሌለው ዳር ነው፣ ጫጩቱም የሚያድገው እዚያው ነው። የተጎዳ ዳር መረባችሁ ውስጥ ይታያል።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። አንድ ቁራጭ ዳር፣ ማንም ያላረሰውን፣ ለሙከራ ስጡን። የት እንደሆነ እናንተ ምረጡ፤ ከብት የሚወጣበትንና የሚገባበትን ወር፣ ቄጠማውን ማን በተራ እንደሚያጭድ፣ ደንቡን ያፈረሰ ምን እንደሚከፍል የምትወስኑት እናንተ ሽማግሌዎች ናችሁ። እኛ መለኪያ እንጨትና መነጽር ይዘን እንመጣለን፤ ተማሪዎቹ በየዓመቱ ጥር ላይ ወፉን ይቆጥራሉ፣ ቁጥሩም በገበያ ቀን እዚሁ አደባባይ ይለጠፋል። ወፉ ካልመጣ «አልመጣም» ብለን እንለጥፋለን። ቦታውን ለመምረጥ የምትወጡ ሰዎች ስማችሁን ከአዳራሹ በር ላይ ለተቀመጡት ልጆች አስመዝግቡ።

አመሰግናለሁ።