«ስንት ሰው አመነ?» አትበሉን

የተከበራችሁ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎችና መጋቢዎች፣ የሚስዮን ክፍሉ አገልጋዮች፣ የተወደዳችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ የጌታ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን።

የተጋበዝኩት ዛሬ ለሚስዮናዊነት ሊላኩ እጅ የሚጫንባቸውን ሦስት ወጣቶች እንዳበረታታ ነው። አበረታታቸዋለሁ። ነገር ግን ከሚሄዱት ይልቅ ለሚልኩት የምለው ይበዛልና ታገሡኝ።

እኔም በዚሁ መድረክ ተንበርክኬ፣ በእናንተው እልልታ ተሸኝቼ ነው ወደ ደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ወደ ጁባ የሄድኩት። ብዙዎቻችሁ ሚስዮናዊ ሲባል በዓይናችሁ የሚመጣው ሕዝብ ሰብስቦ የሚሰብክ ሰው ነው። እኔ የኖርኩበት ጉዴሌ የሚባለው ሰፈር ግን ቀኑ የሚጀምረው በውኃ ነው። ነጭ ዓባይ በከተማዋ ጎን እየፈሰሰ፣ ሰፈሩ ውኃ የሚገዛው ከቦቴ ነው። ከቦቴ ሾፌሮቹ ብዙዎቹ የእኛው አገር ልጆችና ኤርትራውያን ናቸው፤ በማለዳ በአማርኛ «እንዴት አደርሽ» ብለውኝ በርሜሌን ይሞሉልኛል። ቦቴው የቀረ ዕለት ጀሪካን ይዤ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር የጉድጓድ ውኃ ወረፋ እይዛለሁ። የጁባ አረብኛን የተማርኩት ከመጽሐፍ ይልቅ እዚያ ወረፋ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ሴቶችን ማንበብና መጻፍ አስተምራለሁ፤ ሲመሽ የታመመ እጠይቃለሁ፣ ልቅሶ እደርሳለሁ። በመጋቢት 2016 ሙቀቱ 45 ዲግሪ ይደርሳል ተብሎ መንግሥት ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋ፣ የጎረቤት ልጆች ከቤቴ አጠገብ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተሰብስበው ይውሉ ነበር። እኔም ምንጣፌን አውጥቼ አብሬያቸው እውል ነበር። የሚስዮናዊ ኑሮ በአብዛኛው ይህ ነው።

አሁን ስለ አንዲት ጎረቤቴ ልንገራችሁ። በመንገድ ዳር ሻይ የምትሸጥ፣ ዕድሜዋ የገፋ እናት ናት። ደቡብ ሱዳን ነጻነቷን ባገኘች በሦስተኛው ዓመት፣ በታኅሣሥ 2006 ጦርነቱ ጁባ ላይ ሲፈነዳ ልጇን አጥታለች። ሰላም ስላት አንገቷን ብቻ ትነቀንቅ ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት፣ በነጭ መኪና መጥቶ፣ ስሟን መዝግቦ፣ የሞተባትን ቆጥሮ የሄደ ሰው ብዙ ነው። ተመልሶ የመጣ ግን የለም። እኔም ደብተር ይዤ የምዞር ነኝና ከእነርሱ አንዷ መስያታለሁ።

ወባ ያዘኝ። ወባ እዚያ ብርቅ አይደለም፤ የእኔ ግን ጠናብኝ። ሁለት ቀን ከበር ሳልወጣ ብቀር፣ ያቺ ሰላምታዬን የማትመልስ እናት ሻይዋን ትታ መጣች። ልብሴን አጠበች። አሲዳ የሚሉትን የማሽላ ገንፎ አገንፍታ በእጇ አጎረሰችኝ። ሌሊት ትኩሳቱ ሲያንቀጠቅጠኝ መሬት ላይ ተኝታ ታስታምመኝ ነበር። መድኃኒቱን በሰዓቱ እንድውጥ እየቀሰቀሰች ትቆጣኝ ነበር፤ ልክ እንደ እናቴ! እኔ ላገለግላት የሄድኩባት ሴት አገለገለችኝ።

ከዳንኩ በኋላ ማታ ማታ ከሻይ ምድጃዋ አጠገብ እየተቀመጥኩ ብርጭቆ አጥብላት ጀመር። ወራት አለፉ። አንድ ምሽት ደንበኞች ሲሄዱ የልጇን ስም ጠራች። ከዚያ በኋላ የነገረችኝን እዚህ አልናገረውም፤ የእርሷ ነው። ሲነጋጋ ግን «ጸልዪ» አለችኝ። አብረን አለቀስን፣ አብረን ጸለይን። ያቺ ሴት በልጅነቷ የተጠመቀች ናት። ደቡብ ሱዳን አብያተ ክርስቲያናት የሞሉባት አገር ናት፣ ይህን አትርሱ። ልጇ ከሞተ ወዲህ ግን የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አልረገጠችም ነበር። በቀጣዩ እሑድ ነጠላዬን አውሼያት ክንዴን ይዛ ሄደች።

እንግዲህ ያን ሩብ ዓመት ከዚህ የተላከልኝን የሪፖርት ቅጽ ለመሙላት ተቀመጥኩ። አዲስ አማኞች፦ ስንት? የተጠመቁ፦ ስንት? የተተከሉ አጥቢያዎች፦ ስንት? ያቺ እናት አዲስ አማኝ አይደለችም፤ ድሮ ተጠምቃለች። በየትኛው ዓምድ ላስገባት? በሦስቱም ላይ ዜሮ ጻፍኩ። የመጣልኝን መልስ ታውቃላችሁ? አገልግሎቴ ፍሬ በማጣቱ መጨነቃቸውንና የድጋፌን መቀጠል እንደሚያጤኑት የሚገልጽ ደብዳቤ ነበር።

ወገኖቼ፣ ይህን ማነው ያስተማረን? ነፍስ እንደ በግ በር ላይ ቆሞ የሚቆጠረው ከመቼ ወዲህ ነው? ጌታ ሰባዎቹን ሲልካቸው ያዘዛቸው ሰላም በሉ፣ ያቀረቡላችሁን ብሉ፣ ድውያንን ፈውሱ፣ በዚያው ቤት ተቀመጡ፣ ከቤት ወደ ቤት አትዙሩ ብሎ ነው። ሉቃስ ምዕራፍ 10ን ዛሬ ቤታችሁ ገብታችሁ አንብቡት። ቆጥራችሁ ተመለሱ የሚል ታገኙ እንደሆነ ነገ ንገሩኝ!

የአባቶቻችንንም ታሪክ ጠንቅቃችሁ ታውቃላችሁ። የሱዳን ኢንቲርየር ሚስዮን ሰዎች በ1920 መጥተው ወላይታ ላይ ደከሙ። ጣሊያን በ1929 ሲያስወጣቸው ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ነበሩ። የእኛ ቅጽ ያን ጊዜ ቢኖር ያን አገልግሎት ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዘግተነው ነበር! ጠላት ከወጣ በኋላ የተገኙት አማኞች ወደ 10,000 እንደሚደርሱ ተገምቷል። በመካከሉ የታሰሩት፣ የተገረፉት፣ ቤት ለቤት የጸለዩት የአገሬው ሰዎች ናቸው። ከእነርሱ የወጡት ወንጌላውያንም ሚስቶቻቸውን አስከትለው በእግር ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ከፋ ሄዱ። እኛ የእነዚያ ልጆች ሆነን በየሦስት ወሩ ፍሬ ቁጠሩ እንላለን?

የገንዘቡን ነገር በአጭሩ ልበል። በዚያው በሉቃስ 10 ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል ተብሏል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ጥቂት ወራት ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። በብር የተቆረጠልን መተዳደሪያ ግን ባለበት ቀረ። በውጭ አገር የሚኖር ሰው በግማሽ ደመወዝ እንዲኖር መፍረድ ነው፤ አስተካክሉት።

ደብዳቤም ጻፉ። ሪፖርት የማይጠይቅ ደብዳቤ። ማን እንዳገባ፣ ማን እንደወለደ፣ ማን እንዳረፈ ጻፉልን። የሚመለስ ሚስዮናዊም ምስክርነት ተናግሮ በማግስቱ እንዳይረሳ፣ የሚያርፍበት ቤት ይኑረው።

እናንተ የምትሄዱ ታናናሾቼ፣ ሰው ሲያስተናግዳችሁ እሺ በሉ። ስትታመሙ የሚያስታምማችሁን አትግፉ። ቋንቋውን ከሕፃናቱና ከወረፋው ተማሩ።

አባቶች ሽማግሌዎች፣ አሁን ልትነሡና እጃችሁን በእነዚህ ልጆች ላይ ልትጭኑ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ያ ቅጽ በየፋይላቸው ውስጥ ገብቷል፤ ጠዋት ቢሮ ገብቼ አይቼዋለሁ። አውጡት። በምትኩ ከማን ጋር እንደበሉ፣ ማንን እንዳስታመሙ፣ የማን ልቅሶ እንደደረሱ የሚጽፉበት ባዶ ወረቀት አስገቡ። ይህን በጉባኤው ፊት አሁን ቃል ግቡልንና ከዚያ እንጸልይላቸው።

ጌታ ይባርካችሁ።