ሰማያዊዋ ብቻዋን አትበቃም
(በዓለም የአስም ቀን፣ ድሬዳዋ ከዚራ ለተሰበሰቡ ታካሚዎችና ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶች፣ አባቶች፣ የድሬ ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ፕሮግራሙ ላይ «ስለ አስም መድኃኒቶች አጠቃላይ ገለጻ» ተብሎ ተጽፎልኛል። አጠቃላዩ ይቆየንና ስለ ወንድሜ ላውራችሁ።

ወንድሜ ባጃጅ ነጂ ነው። ከሳቢያን ከዚራ ሲመላለስ አቧራ ሲውጥ ይውላል። ሰማያዊዋ ፓፍ፣ በአፍ የምትሳበው የአስም መድኃኒት፣ ከኪሱ አትለይም ነበር። ሲያፍነው ሁለቴ ይስባል፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ይስቃል። «አቦ፣ እቺ እያለች ምን እሆናለሁ!» ሐኪም ያዘዘለት ቡናማዋ ግን እናታችን መርፌና ክር የምታስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ ተኝታለች። ለምን? «ስስባት ምንም አይሰማኝም።»

አንድ ሌሊት ሰማያዊዋን ደጋግሞ ቢስብ እምቢ አለችው። ከንፈሩ ጠቆረ። በወንድሜ ባጃጅ ሆስፒታል ያደረሰው ጎረቤታችን ነው፤ ያውም መንጃ ፈቃድ የሌለው።

እኔ ነርስ ነኝ። የሰው ቤት እያስተማርኩ የራሴን ቤት መሳቢያ አልከፈትኩም።

አስም ሲነሳ የአየር ቧንቧው ዙሪያ ያለው ጡንቻ ይኮማተራል። ውስጡ ያብጣል፤ አክታም ይሞላዋል። ሰማያዊዋ፣ ሳልቡታሞል፣ ጡንቻውን ታፍታታለች። ከ4 እስከ 6 ሰዓት ታቆያለች። እብጠቱን ግን አትነካውም! እሱን የሚያወርደው የቡናማዋ ቤክሎሜታዞን ነው፤ በየቀኑ ሲወሰድ፣ በቀናትና በሳምንታት። ወዲያው የማይሰማው ለዚህ ነው። ወንዛችን ደቻቱም ደረቅ ሆኖ ነው የሚከርመው። በ1998 ክረምት በሌሊት ምን ዓይነት ጎርፍ ይዞ እንደመጣ ለድሬ ሰው አይነገርም።

አሁን ንዴቴን ልናገር። ወንድሜ በወር ሁለት ሰማያዊ ይገዛ ነበር። ከአንድ መድኃኒት ቤት፣ ከአንድ መስኮት! «ሌላኛዋንስ ትወስዳለህ?» ያለው አንድ ሰው የለም። ብር ተቀብሎ «ቀጣይ!» ከፈረንጆቹ 2019 ጀምሮ ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ አዋቂን በሰማያዊዋ ብቻ አታክሙ ይላል። እኛ ግን እንደ ማስቲካ እንሸጣታለን! «ፓፍ ሱስ ያስይዛል» የምትሉም አላችሁ። አያስይዝም። ሰማያዊዋ ቶሎ ቶሎ ካስፈለገቻችሁ እብጠቱ ብሷል ማለት ነው፤ ሐኪም ጋ ሂዱ።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል። የፓፏ ቀለም እንደ ፋብሪካው ይለያያል፤ ስሟን አንብቡ። ቡናማዋን ከሳባችሁ በኋላ አፋችሁን ተጉመጥመጡ። ለልጆች ስፔሰር፣ ፓፏ ላይ የሚገጠመውን መሳቢያ ዕቃ፣ ካጣችሁ ከግማሽ ሊትር የውሃ ጠርሙስ ይሠራል፤ ስንጨርስ አሳያችኋለሁ። ቡና ሲፈላ እጣኑን ቀነስ። እናቶች፣ አትቆጡኝ።

ወንድሜ ያውና በሩ ጋ ቆሟል። ዛሬ ጠዋት ቡናማዋን ስቦ እንደሆነ እናንተ ጠይቁልኝ፤ እኔን ይዋሸኛል።