ለዓይን የማትታየው ጎረቤታችን፦ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ

ሰላም ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ! ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ነኝ። ካሜራዬን ወደ ሐይቁ አዙሬ ልቀርጽ ነበር ሐሳቤ። ግን የዛሬዋ ኮከብ በደቡብ በኩል ናት፣ ሐይቁ ደግሞ ለእኛ ሰሜን ነው። ስለዚህ ይቅርታ፣ ከጀርባዬ የምታዩት የከተማውን መብራት ነው።

ኮከቧ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ትባላለች። ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ የምትቀርበው እሷ ናት። የምትቀርበው! ግን በባዶ ዓይን አትታይም። ዓይናችን እንደ ምንም ከሚያየው ደብዛዛ ኮከብ እንኳ 100 ጊዜ ያህል ትደበዝዛለች። እስከ 1915 እ.ኤ.አ. መኖሯንም ያወቀ አልነበረም። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ሮበርት ኢነስ ጆሃንስበርግ ላይ ሆኖ በተለያየ ጊዜ የተነሱ የሰማይ ፎቶዎችን ሲያስተያይ ነው፣ ከቦታዋ ፈቀቅ ብላ ያገኛት።

ይቺን ብርቱካን አያችኋት? አሁን ነው የገዛኋት፣ ዋጋዋን ተዉት። ፀሐይ ናት እንበል። ምድር ከጤፍ ፍሬ ታንሳለች፣ ከብርቱካኗ 7 ሜትር ተኩል ርቃ ትዞራለች። ፕሮክሲማስ? ሽምብራ ናት። አንዲት ሽምብራ። የት እናስቀምጣት? ዘጌ? አይ። ጎርጎራ? አይ። ጎንደር? አይደለም አልኳችሁ! ሱዳንን አቋርጣችሁ፣ ካይሮ ልትደርሱ ትንሽ ሲቀራችሁ፣ 2,000 ኪሎ ሜትር ላይ ጣሏት። ባሕር ዳር አንድ ብርቱካን፣ ግብፅ አንድ ሽምብራ። ቀጥታ መስመር ነው እንጂ እንደ ዓባይ እየተጠማዘዝን አይደለም፣ ኮሜንት ላይ እንዳትጨቀጭቁኝ።

ቁጥሮቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ፓራላክሷ፣ ማለትም ምድር ፀሐይን ስትዞር ኮከቧ ፈቀቅ ያለች የምትመስልበት ማዕዘን፣ 0.768 አርክሰከንድ ነው (አንድ አርክሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ናት)። ስለዚህ ርቀቷ 4.24 የብርሃን ዓመት፣ ብርሃን በ4.24 ዓመት የሚጓዘውን ያህል ማለት ነው። ቁስ አካሏ የፀሐይን 12 በመቶ፣ ዲያሜትሯ (ከዳር እስከ ዳር) 15 በመቶ ገደማ። ስሌቱን ሥሩት፣ ከፀሐይ 30 ጊዜ በላይ የታመቀች ናት። የገጿ ሙቀት ወደ 3,000 ኬልቪን፣ በሴልሺየስ 2,700 ገደማ። የምትረጨው ኃይል የፀሐይን 0.2 በመቶ እንኳ አይሞላም፣ አብዛኛው ደግሞ ዓይናችን የማያየው ኢንፍራሬድ ነው። አለቀ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ነጻ ነው፣ እንደ ብርቱካኗ አይደለም።

አሁን ወደ ኮሜንታችሁ። በየቪዲዮው ሥር አንድ ሰው አይጠፋም፦ «የምናያቸው ኮከቦች እኮ ድሮ ሞተዋል፣ ብርሃናቸው ብቻ ነው የቀረው።» ማን እንደጀመረው እንጃ! በባዶ ዓይን የምናያቸው አብዛኞቹ ብርሃናቸው ቢበዛ ጥቂት ሺህ ዓመት ነው የተጓዘው። የኮከብ ዕድሜ ግን በሚሊዮንና በቢሊዮን ነው የሚቆጠረው። የፕሮክሲማማ ጭራሽ! ዛሬ ማታ የሚደርሰን ብርሃኗ የተነሳው ከአራት ዓመት ከሦስት ወር በፊት ነው። ያኔ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ አሁን ተመርቆ ሥራ እየፈለገ ይሆናል፣ በቃ ይኼው ነው። ደግሞ እሷ ክሩን ዝቅ እንዳደረጉለት ኩራዝ ናት። ትንሽ ታበራለች፣ ጋዟን ቆጥባ። አልፎ አልፎ በድንገት ቦግ ብትልም፣ ፀሐይ ካለቀች በኋላ ገና ትሪሊዮን ዓመታት ይቀሯታል።

ቦታዋን ማየት ለምትፈልጉ፣ ግንቦት መጨረሻ፣ ደመናው ከፈቀደ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ወደ ደቡብ ዙሩ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጭብጣችሁን አድማሱ ላይ አሳርፉ። ሁለት ጭብጥ ሳይሞላ አንድ ደማቅ ኮከብ አለ፣ አልፋ ሴንታውሪ ነው። ፕሮክሲማ ከእሱ አራት ሙሉ ጨረቃ ቢደረደር በሚያህል ርቀት ላይ ናት፣ ቴሌስኮፕ ላለው። ጎርጎራ ያላችሁማ ታድላችኋል፣ ለእናንተ ደቡቡ ሐይቁ ነው። ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፣ እኔ እዚህ ከመንገድ መብራት ጋር እየታገልኩ ነው።